ዴኩ የበላው መጨረሻ

መጀመሪያ የሰማሁት ሙዚቃውን ነው። ቤቴል ያለው ቤታችን ወጥ ቤት ውስጥ ቆሜ ምስር እለቅማለሁ፤ ልጄ ሳሎን ምንጣፍ ላይ ተንጋልላ ስልኬን ትጎረጉራለች። የዛሬ ስልክ ደግሞ ይታወቃል፤ አንዱን የልጆች ፊልም ሲጨርስ ማንም ሳይጠይቀው ሌላውን ያቀርባል፣ ብሉልኝ ባይ የሰርግ ቤት አስተናጋጅ ነው። እኔ ከሚጮኸው ሁሉ ጆሮዬን ዘግቼ መሥራት ለምጃለሁ። ያን ቀን ግን አኮርዲዮን ሰማሁ። ወጣ፣ ወረደ፣ መጨረሻው ላይ እንደ ማስነጠስ አለ። ሰፌዱን አስቀምጬ ሮጥኩ።

"ቀይ ጃንጥላ ይዛለች?" አልኳት።

"ማን?"

"ዳክዬዋ ናታ!"

ይዛለች። ልጄ በድንጋጤ አየችኝ፤ እናቷ ስለ ዳክዬ ስትጮህ ሰምታ አታውቅም። አጠገቧ ቁጭ አልኩና ስልኩን ወሰድኩባት። ምስሩ ውሎ አድሮ ይለቀማል።

ቀይ ጃንጥላ ይዛ በዝናብ እናቷን የምትፈልግ ትንሽ ዳክዬ፤ ፊልሙ በሙሉ ይኸው ነው። አንድም ቃል አይነገርበትም፣ በእጅ የተሳለ ነው፣ ሻይ ተጥዶ ሳይፈላ ያልቃል። እኔ ግን እንደዚያች ዳክዬ ከልቤ የወደድኩት ሌላ ፊልም የለም። ለምን እንደሆነ ለመናገር ኮልፌ አስራ ስምንት ማዞሪያ መመለስ አለብኝ።

እዚያ አንድ ግቢ ውስጥ ተከራይተን እንኖር ነበር። አከራያችንን እትዬ ነው የምላቸው። በልጅነታቸው ከጉራጌ አገር የመጡ፣ ግቢው በር ላይ ሱቅ ያላቸው፣ ከደንበኛ ጋር ሲከራከሩ ድምፃቸው ማዞሪያው ድረስ የሚሰማ ሴት ናቸው። አባቴ ደግሞ የጎጃም ሰው ነው፤ አየር ጤና አንድ ጋራዥ ውስጥ የመኪና ቀለም ቀቢ ነበር። ጥፍሩ ሥር ቀለም የሌለበትን ቀን አላስታውስም።

እናቴ ከፋሲካ በኋላ ሞተች። አሁን በአንድ መስመር ልጻፈው እንጂ፣ ያኔ ግቢው በሙሉ ሲያውቅ የማላውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ። የለቅሶው ሰሞን አክስቴ ቤት ተወሰድኩ። ስመለስ ድንኳኑ ተነስቷል፣ ፎቶዋም ከግድግዳ ወርዷል፤ "ጠበል ሄዳለች" ተባልኩ። በእኛ አገር ለአዋቂም ቢሆን መርዶ በቀጠሮ ነው የሚነገረው። ለእኔ ደግሞ ትንሽ ትጠንክር፣ ክረምቱ ይለፍ እየተባለ ቀጠሮው ረዘመ። ዘመድ በመጣ ቁጥር ጉንጬን ይስምና "አይዞሽ፣ ትመጣለች" ይለኛል። አምናቸው ነበር። የቆርቆሮው በር ሲንኳኳ ከማንም ቀድሜ የምሮጠው እኔ ነበርኩ፤ ገብቶ የሚያየኝ ሰው ፊት ለምን እንደሚጠቁር ግን አይገባኝም።

ከግቢው ሰው ቴሌቪዥን የነበራቸው እትዬ ብቻ ናቸው። ቴሌቪዥኑ ቡፌው ላይ፣ ካሴት ማጫወቻው ዴክ ከሥሩ፣ ሁለቱም ዳንቴል ለብሰው ይቀመጣሉ። ሪሞቱ እንዳያረጅ በላስቲክ ተጠቅልሎ በጎማ ታስሯል፤ ቁልፎቹን የሚያውቋቸው የእትዬ ጣቶች ብቻ ናቸው። ባለቤታቸው ዴኩን ከመርካቶ ሲገዙ የዳክዬዋ ካሴት ምርቃት ሆና ነው የመጣችው። ሌላ የልጆች ካሴት ስላልነበረ እሁድ እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ እሷኑ እናያለን። የግቢው ልጆች ቧንቧው ሥር እግራችንን ታጥበን፣ ግድግዳውን ተደግፈን እንደረደራለን። ጭቃ ይዞ የገባ ወዮለት።

ዝናቡ በእርሳስ የተሳለ ነው፤ መስመር መስመር እየሆነ ይወርዳል። ከተማው ግራጫ ነው፤ ቀለም ያለው ጃንጥላው ብቻ ነው። ዳክዬዋ ለእግሯ የሰፋ ቦቲ አድርጋለች፤ አንዱ ጭቃ ውስጥ ሲቀርባት ተመልሳ በአፏ ትመዘዋለች፣ ይመዘዝና በጀርባዋ ትወድቃለች። ይህን የሳለው ሰው የት አገር እንደኖረ አላውቅም፤ የኮልፌን ጭቃ ግን ያውቀዋል። እኛም ጭቃ ጫማ የበላብን ልጆች ስለነበርን እዚያ ቦታ ላይ ስንስቅ ቤቱ ይናጋል። ውጭ ያለው ዝናብ ጣሪያውን ሲደበድበው ደግሞ የትኛው የፊልሙ፣ የትኛው የእኛ እንደሆነ አይለይም። ካሴቷ ስላረጀች መስታወቱ ላይ ነጫጭ ነጠብጣብ ብልጭ ብልጭ ይላል፤ እኛ በረዶ ነው ብለን "በረዶው መጣ!" እያልን እንጮኻለን። ስልኬ ላይ ሳየው ፊልሙ ጥርት ብሏል፣ በረዶው የለም። ቅር አለኝ።

ፊልሙ ቃል ስለሌለው ቃል የሚያበድሩት እትዬ ነበሩ። ፊሽካ የያዘው እንቁራሪት የማዞሪያችን ትራፊክ ነው። ቀንድ አውጣው "አንድ ሰው የቀረው!" እያለ ከቦታው የማይነቃነቅ ታክሲ ነው። በመስኮት አንገቷን ብቅ አድርጋ የምታየው ዶሮ ደግሞ ባለ ሱቅ ናት።

"ልጄ፣ በዚህ ዝናብ ወዴት ነው?" ትላለች ዶሮዋ በእትዬ ድምፅ።

"እናቴን ፍለጋ ነው። ጦር ኃይሎች በየት በኩል ነው?"

"ውይ በሞትኩት፣ አልፈሽው መጣሽ እኮ!"

ሁልጊዜ ያው ነው፤ ሁልጊዜ እንስቃለን። እትዬ ራሳቸው ከእኛ ብሰው ይስቁ ነበር፤ ሱቅ ሊገዛ የመጣ ሰው ውጭ ቆሞ "ኧረ የሰው ያለህ!" እስኪል ድረስ።

ከዚያ ዳክዬዋ ድልድይ ላይ ትደርሳለች። ወንዙ ሞልቷል፤ ንፋሱ ጃንጥላዋን ይታገላታል። ልክ እዚያ ላይ እትዬ ሪሞቱን ይጫናሉ፤ ሥዕሉም ቀጥ ይላል።

"ከዚህ ካለፈ ዴኩ ይበላዋል" ይላሉ።

ዴክ ካሴት ሲበላ ያየ ሰው አይከራከርም። ያ ቡናማ ክር እንደ አንጀት ተዘርግፎ ሲወጣ፣ በእስክሪብቶ እየጠቀለሉ ሲመልሱት፣ ከዚያ ወዲያም ሙዚቃው ሁሉ እንደ ታመመ ሰው ሲያቃስት ሁላችንም አይተናል። ዳክዬዋ ከምትበላብን መጨረሻዋ ቢቀር ይሻለናል። ስለዚህ "ከዚያስ እትዬ?" ብለን እንጠይቃለን።

"ከዚያማ ድልድዩ አያሻግርም። ዳክዬዋ አለቀሰች። ይለቀሳል፣ ምን ይደረጋል! አልቅሳ ሲወጣላት ዞራ ወደ ዶሮዋ ቤት ተመለሰች። ዶሮዋም በሩን ከፍታ፣ 'በይ ግቢ፣ ምሳ ቀርቧል' አለቻት። አለቀ። በሉ ተነሱ።"

እውነትም ምሳ ቀርቦ ይጠብቃል። ሌሎቹ ወደየቤታቸው ሲበተኑ እኔ እዚያው እቀራለሁ፤ አባቴ እሁድም ሥራ ይገባ ነበር። ቆጮና ጎመን መብላት የተማርኩት ከእትዬ እጅ ነው። አንድ ቀን እኩያዬ የሆነችው ልጃቸው "እማዬ፣ ገና ነው እኮ! አላለቀም!" ብላ ስትጮህ ጭኗን ቆነጠጧት። በአዋቂ ወሬ ስለገባች ነው ብዬ አለፍኩት፤ ትንሽም ደስ ሳይለኝ አልቀረም።

መርዶዬ የተነገረኝ ትምህርት ሊከፈት ሲል ነው። በማለዳ አባቴና አክስቴ፣ ከጎረቤትም ሽማግሌዎች መጡና ከበቡኝ። ስትጮህ እንይዛታለን ብለው ተዘጋጅተዋል። አባቴ ተናገረ። እኔ አልጮህኩም።

"ታዲያ እኔም ዶሮዋ ቤት ነዋ የምበላው?" አልኩ።

አባቴ ልጄ አእምሮዋ ተነካ ብሎ ራሱን በሁለት እጁ ያዘ። በሩ ላይ ቆመው የነበሩት እትዬ ግን ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ጭነው ወጡ። እንባዬ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው፤ ሲመጣም ብዙ ነበር። የግቢውን በር መጠበቅ ግን አቆምኩ።

ይህን ሁሉ ተሸክሜ ነው እንግዲህ ስልኩን ይዤ ልጄ አጠገብ የተቀመጥኩት። እንቁራሪቱንም፣ ቀንድ አውጣውንም በእትዬ አፍ ተረኩላት፤ ጦር ኃይሎችን ስጠቅስ በሳቅ ተንከባለለች። ድልድዩ ላይ ስንደርስ ሳላስበው በጣቴ ነካሁና አቆምኩት።

"ከዚያ ዞራ ወደ ዶሮዋ ቤት ተመለሰች..."

"አላለቀም እኮ እማዬ" አለች ልጄ። ከሥዕሉ ሥር ያለውን መስመር አሳየችኝ። "እይው፣ ገና ይቀረዋል።" መልሳ ነካችው።

ዳክዬዋ ድልድዩን መሻገር ጀመረች። ንፋሱ ጃንጥላዋን ነጥቆ ወንዙ ላይ ጣለው። ጃንጥላው ተገልብጦ እንደ ጀልባ ሲንሳፈፍ ከታች በኩል አንዲት ትልቅ ዳክዬ አየችው፤ አየችውና ሽቅብ መዋኘት ጀመረች። ከዚያ ተገናኙ። አኮርዲዮኑ ወጣ፣ ወረደ፣ አስነጠሰ። ልጄ አጨበጨበች።

መጀመሪያ የመጣብኝ እንባ አይደለም፣ ንዴት ነው። ያን ሁሉ እሁድ እናቷን አግኝታለች! እኔ ብቻ ዶሮ ቤት ስመልሳት ኖሬያለሁ! ሰው እንዴት ከልጅ ላይ ይህችን ይሰርቃል? ያን ሳምንት እቃ ሳጥብም፣ ታክሲ ስጠብቅም በሐሳቤ ከእትዬ ጋር ስጨቃጨቅ ሰነበትኩ። ቁንጥጫዋም ትዝ አለችኝና ንዴቴን ጨመረችው፤ ልጃቸው ታውቅ ነበር ማለት ነው።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ልጄን ይዤ ሄድኩ። አየር ጤና ወርደን ሌላ ታክሲ ያዝን። ሱቁ ተከራይቷል፣ የቆርቆሮው በር በብረት በር ተቀይሯል፤ ቡፌው ግን አለ፣ ዳንቴሉም አለ። እትዬ አርጅተዋል። መነፅራቸውን ፈልገው አድርገው ልጄን አገላብጠው ሳሟት፤ ስለ ጉልበታቸው፣ ስለ ኑሮ ውድነቱ፣ ስለ ባለቤታቸው ሙት ዓመት ነገሩኝ። አላስቻለኝም።

"እትዬ፣ ያቺ የዳክዬዋ ካሴት መጨረሻዋ እውነት ተበልቶ ነበር?"

ሊስቁ ጀመሩና ተዉት። "ማን ነገረሽ?"

"አየሁት።"

ዳንቴሉን በጣታቸው ያለሰልሱ ጀመር።

"ሰው ሁሉ 'ትመጣለች' ይልሽ ነበር" አሉ በመጨረሻ። "አንቺ በር በሩን ታያለሽ። ያቺን እናት ከወንዙ ስትወጣ ብታዪ፣ ያንቺም መንገድ ላይ ናት ብለሽ አልነበር? እኔ ትመጣለች ብዬ መዋሸት አልሆነልኝም። አትመጣም እንዳልልሽ ደግሞ ዘመድ አይደለሁ፣ በምን አፌ! መርዶ የባለቤቱ ነው። ምን ላድርግ? ሪሞቱን ተጫንኩ።"

ዘመዶቼ በሙሉ በሚዋሹኝ ክረምት እውነቱን ሊያስለምዱኝ የሞከሩት እሳቸው ብቻ ነበሩ። አቀርቅሬ ጉልበታቸውን ሳምኩ።

ልጄ ግን የእኛ ነገር አላማራትም። "እማማ፣ ዳክዬዋን ላሳይዎት?" ብላ ስልኩን ይዛ መሐላችን ገባች። አንድ ላይ አየነው። እትዬ መጀመሪያ አፍረው ዝም አሉ፤ እንቁራሪቱ ፊሽካውን ሲነፋ ግን አላስቻላቸውም፣ "አንቺ፣ መብራቱ አይታይሽም!" አሉ። ልጄ ሳቀች፣ እኔም ሳቅሁ። ድልድዩ ላይ ስንደርስ ዓይናቸውን ከስልኩ አንስተው እኔን አዩኝ። አውራ ጣታቸው ሶፋው ክንድ ላይ ጫን፣ ጫን ይላል።

"ይሂድ እትዬ" አልኳቸው።

ጣታቸውን በእጄ ያዝኩት። ትልቋ ዳክዬ መጣች፣ ተገናኙ፣ አኮርዲዮኑ አስነጠሰ። እትዬ መነፅራቸውን አውልቀው በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉት።

"ዶሮዋስ?" አሉ ቀስ ብለው። "ኋላ ላይ አትመጣም?"

"ዶሮዋማ በመስኮት ብቻ ነው የታየችው" አለች ልጄ። "አለቀ እኮ።"

"በእኔዋ ካሴት ላይ ግን እስከ መጨረሻው አለች" አልኳቸው።

እትዬ ሶፋውን ተደግፈው ተነሱ፣ ጉልበታቸውን አሹ፣ ወደ ጓዳው በር ሄደው ከፈቱትና ዞረው አዩን።

"በሉ ግቡ" አሉ፤ "ምሳ ቀርቧል።"