እህቴን ምን ነካት?

ታላቅ እህቴ የመጀመሪያ ልጇን የወለደችው ባሏ ሰሜን ጦር ግንባር ሳለ ነው። ቤታችን ቦሌ፣ ከአውሮፕላን ማረፊያው ጀርባ ነበር፤ ያኔ ከአጥራችን ወዲያ የእርሻ ማሳ እንጂ ሌላ ሰፈር አልነበረም። ልትታረስ ወደ እኛ መጣች። ጎረቤቱ "እንኳን ማርያም ማረችሽ" እያለ ሲመላለስ ትስቅ ነበር።

ከዚያ እንቅልፍ እምቢ አላት። ሕፃኑ ተኝቶ እንኳ እሷ ዓይኗን አትከድንም። ቀጥሎ ጡት መስጠት አቆመች።

"ወተቴ መርዝ ሆኗል፤ ካጠባሁት ይሞትብኛል" አለችኝ፣ እጄን ጭብጥ አድርጋ። አውሮፕላን ባለፈ ቁጥር ልጁን ታቅፋ አልጋ ሥር ትገባለች።

ሁሉም የየራሱን ምክንያት ያዘ። እማዬ፣ በአራስነቷ በቀትር ብቻዋን ደጅ ወጥታ ለክፏት ነው አለች። አባዬ የባሏ ወሬ መጥፋቱ ነው አለ። የባሏ እህት ልትጠይቃት መጥታ "በዘራችሁ ያለ ነገር ነው እንዴ?" ስትል አባዬ ብድግ ብሎ ወጣ። እማዬ ከዚያ ወዲያ አላነጋገረቻትም።

ጠበል ወሰድናት። ትንሽ ረጋ አለች፤ እንቅልፉ ግን አልመጣም። እየከሳች ስትሄድ አባዬ ሐኪም ቤት ወሰዳት፤ እኔና እማዬም ተከተልን።

ሐኪሙ ስለ ምጧ፣ ስለ እንቅልፏ፣ ስለ ባሏ ጠየቀ። በመጨረሻም "ከዘመድ እንዲህ የታመመ ነበር?" አለ።

"ኧረ በፍጹም!" አለች እማዬ።

አባዬ መሬት መሬቱን እያየ "እህቴ" አለ።

በልጅነቷ ሞተች ብሎ የነገረን እህቱ ለካ አድጋ፣ ተድራ፣ በወለደች ማግስት ታማ፣ ጓዳ ተዘግቶባት ኖራለች። እማዬም ያን ቀን ነው የሰማችው።

"እንግዲያ እሱ ነዋ!" አለች።

"እናቴ፣ አንዱን ነጥዬ እሱ ነው ብልዎ ውሸት ይሆንብኛል" አላት ሐኪሙ። "ከዘር የመጣ ነገር ሊኖር ይችላል። ግን መውለዱም፣ እንቅልፍ ማጣቱም፣ የባሏ ሐሳብም ተደራርቦባታል። አንዱ ቢቀርላት ምናልባት ትችለው ነበር።"

"ታዲያ በማን ልዘን?"

"በማንም።"

እማዬ ያለቀሰችው ያኔ ነው። የምትወቅሰው ሰው ቢገኝላት ይቀላት ነበር መሰለኝ።

መድኃኒቱ እንቅልፏን መለሰላት። አባዬም ከሥራ ሲመለስ አጠገቧ እየተቀመጠ ስለ እህቱ ያጫውታት ጀመር፤ ድምፅዋ እንዴት ያምር እንደነበር፣ እሱን አዝላ እንዳሳደገችው።

ባሏ ግን አልተመለሰም። መርዶው ሲመጣ እንደገና ታመመች፣ ብዙ ቆይታም ዳነች። በዚህ መሐል ልጁ በእማዬ እቅፍ አደገ። አፉን ሲፈታ እማዬን "እማ" አለ፤ እህቴን ደግሞ እኔ የምጠራትን ሰምቶ "እትዬ" አላት። ልናርመው ስንል ከለከለችን።

"ተዉት፤ አታደናግሩት" አለች።

ገላውን ግን ከእሷ በቀር ማንም አያጥበውም ነበር።