እጅ ያልነካው ስልክ

በእኛ አገር ያገለገለ ስልክ ሲገዛ የመጀመሪያው ጥያቄ ዋጋው አይደለም፤ «ተከፍቷል እንዴ?» ነው። አንድ ጊዜ ጠጋኝ ጀርባውን የከፈተውን ስልክ፣ ነውር ያለበት ከብት ይመስል ሰው ፊቱን ያዞርበታል። እኔም ይህንኑ ጥያቄ ጠየቅሁ። እስከ ዛሬ የሚያናድደኝ እሱ ነው።

ስልኩ ለአባቴ ነበር። አባቴ ጡረታ የወጡ አስተማሪ ናቸው፤ መርሳ ከተማ አጠገብ፣ ግራና ውስጥ ብቻቸውን ይኖራሉ። ጆሯቸው መስማት ካቆመ ቆይቷል። ደውዬ ብጮህ ትርፉ ጉሮሮዬን ማሳመም ነው። እኔ የምሠራው ወልድያ ስለሆነ የምንነጋገረው በጽሑፍ ብቻ ነው። የቁልፍ ስልክ ደግሞ ፊደሉ ያንስባቸዋል፤ ሰፊ፣ ፊደሉ የሚተልቅ ስልክ ያስፈልጋቸው ነበር።

ወልድያ ያለው ሻጭ ሁለት ስልክ አወጣልኝ። አንደኛው ወፈር ያለ፣ ጀርባው ፕላስቲክ፣ በጥፍር የሚከፈት ነው። «ባትሪውም ቻርጅ መሰኪያውም ተቀይሯል» አለኝ ሳልጠይቀው። እውነቱን መናገሩ ራሱ አስጠረጠረኝ። ሁለተኛው ቀጭን፣ ጀርባው መስታወት፣ ዙሪያውን በሙጫ የታሸገ። «ይሄን እንኳ እጅ አልነካውም፣ እህቴ» አለ። ሦስት ሺህ ብር ጨምሬ እጅ ያልነካውን ወሰድኩ። አራት ዓመት ያገለገለ ስልክ አልተከፈተም ማለት ባትሪው አራት ዓመት አርጅቷል ማለት አይደል? ይህን ማሰብ አቃተኝ። ተምሬያለሁ ባይ ነኝ ደግሞ።

ለጥቂት ወራት ደህና ሠራ። በየማለዳው መልእክት ይመጣል። «አደርሽ? ማንጎው አበበ።» «አደርሽ? ትናንት የጎረቤት ላም ጠፍታ ስንፈልግ ዋልን።» እኔም ቢሮ ገብቼ «አልሃምዱሊላህ፣ እርስዎስ እንዴት አደሩ?» ብዬ እመልስና ሥራዬን እጀምራለሁ።

ከዚያ ባትሪው ጀመረው። መጀመሪያ የቀትሩ ሶላት፣ ዙሁር ሳይደርስ ይዘጋል። ቀጥሎ ከቻርጀር ሲነቀል ይጠፋል። በመጨረሻ ጀርባው አብጦ ጠርዙ ተነሳ። አባቴ መርሳ ይዘውት ሄዱ። የመርሳው ጠጋኝ አገላብጦ አየውና፣ መስታወቱ ቢሰነጠቅ አልጠየቅም ብሎ በወረቀት ጽፎ መለሰላቸው። እሳቸውም በሚኒባስ ሹፌር እጅ ወደ እኔ ላኩት።

ወልድያ ላይ ሦስት ጠጋኝ ዞርኩ። ሁለቱ ገና ሲያዩት ራሳቸውን ነቀነቁ። ሦስተኛው በሙቅ አየር አሞቀው፣ በቀጭን ብረት ፈለቀቀው፣ ጀርባው ጧ ብሎ ተሰነጠቀ። «ይሄማ ያለ ነው» አለኝ። ማን ጋ ነው ያለው? ባትሪውስ? «ከአዲስ አበባ ነገ ይመጣል።» በነገታው ሄድኩ፣ ነገ አለኝ። ሦስት ሳምንት ሙሉ ነገ። ባትሪው፣ ጀርባው፣ የእጁ ዋጋ ሲደመር ያኛውን ባለፕላስቲክ ስልክ ሊገዛ ምንም አልቀረው። ያኛው ቢሆን ባትሪው ከየሱቁ ተገዝቶ አባቴ ራሳቸው በጥፍራቸው ከፍተው ይቀይሩት ነበር። ወላሂ አንጀቴ አረረ። ከቢሮ እየወጡ ከጠጋኝ ጋር መጨቃጨቅ ሆነ ሥራዬ። ጎረቤታቸው ጋ ስደውል «ደህና ናቸው» ትለኛለች፤ በቃ፣ ሌላ ነገር የለም።

በሃያ ምናምነኛው ቀን አባቴን ቢሮዬ በር ላይ ቆመው አገኘኋቸው። በፌስታል ማንጎ ይዘዋል። ለምን እንደመጡ እንኳ ሳልጠይቅ እጃቸውን ይዤ ወደ ጠጋኙ ወሰድኳቸው፤ ንዴቴን የሚያይልኝ ሰው ያገኘሁ መሰለኝ። አግዳሚው ላይ አስቀመጥኳቸውና ከጠጋኙ ደብተር ወረቀት ቀድጄ መጻፍ ጀመርኩ። የዚህኛው ባትሪ ይህን ያህል፣ ማስከፈቻው ይህን ያህል፣ ጀርባው ይህን ያህል። ያኛው ቢሆን ኖሮ ይህን ያህል ብቻ። ጥፋቱ የእኔ ነው፣ አሁን እንደዚያኛው ያለ እገዛልዎታለሁ። ገጹ እስኪሞላ ጻፍኩ።

አባቴ መነጽራቸውን አድርገው፣ የተማሪ ደብተር እንደሚያርሙ ሁሉ ጣታቸውን ከመስመር መስመር እያስኬዱ አነበቡት። ሲጨርሱ መነጽራቸውን አወለቁ።

«ልጄ» አሉ። የማይሰማ ሰው ድምፁን አይመጥንም፤ ሱቁ በሙሉ ሰማ። «ይሄ ስልክ ከተገዛ ወዲህ አንድም ቀን ግራና አልመጣሽም። ሲበላሽ ውስጤ ደስ ብሎት ነበር። አሁንስ ትመጣለች ብዬ ሦስት ቅዳሜ ጠበቅሁሽ።»

ጠጋኙ አንገቱን ደፍቶ ብሎን መልቀም ጀመረ። አባቴ መልስ እንድጽፍላቸው ወረቀቱን መለሱልኝ። ባዶ የቀረ ቦታ ፈለግሁበት። ከታች የመጨረሻው መስመር ላይ፣ በእኔው እጅ፣ «ከእንግዲህ ሲበላሽ መርሳ ይሠራል፤ ወልድያ ድረስ መምጣት አያስፈልግዎትም» የሚል ተጽፏል።