ሳይፈርስ የታደሰው ቤት

ኮተቤ ያለው የጭቃ ቤታችን ወደ መንገዱ መዝመሙን መጀመሪያ የነገረኝ በሩ ነው። አልገጥም ሲል ጠርዙን በመላጊያ ላግሁት። በዓመቱ ደግሞ አልገጥም አለ፤ ደግሜ ላግሁት። በሦስተኛው ባለቤቴ፣ «በሩን ልትጨርሰው ነው እኮ። እሱ ምን አጠፋ?» አለችኝ። ከጣሪያው ጠርዝ ቱንቢ ባወርድ የግድግዳው አናት ከእግሩ አንድ ስንዝር ተኩል ወደ ውጭ ወጥቶ አገኘሁት። ሁለት ዓመት ሙሉ በግድግዳው ጥፋት በሩን ስቀጣ ኖሬአለሁ። ልጆቼንም አንዳንዴ እንዲህ ቀጥቻቸው እንደሆነ እንጃ።

ሌላ ጊዜ ቢሆን ቤቱን አፍርሶ አዲስ መሥራት ይቀል ነበር። በደርግ ጊዜ ግን መሬቱ የመንግሥት ነው፤ ቆርቆሮ ለመቀየር እንኳ የቀበሌ ወረቀት ያስፈልጋል። እኔ ያገኘሁት ወረቀት «በነበረበት ሁኔታ ጥገና» ይላል። የጻፈልኝ ሰው ማኅተሙን ከመምታቱ በፊት ቀና ብሎ፣ «ጓድ፣ ልብ በል። ቤቱ ከወደቀ ይህም ፈቃድ አብሮ ወደቀ። በባዶ ቦታ ላይ ቤት አንፈቅድም» አለኝ። ስድስት ነን፤ ከዚያ ቤት በቀር መግቢያ የለንም።

ትምህርት ቤት አልገባሁም። ፊደል የቆጠርኩት መጋዘን ውስጥ ስሠራ፣ በየሣጥኑ ላይ የተጻፈውን እየገጣጠምኩ ነው። በዚህ መንገድ የተማረ ሰው ወረቀት ላይ የሰፈረውን ሁሉ ከልክ በላይ ያከብራል። ለጥገናው አንድ ደብተር መደብኩ። የቋሚውን ብዛት፣ የሚስማሩን ዓይነት፣ ጭቃው ከጭድ ጋር የሚቦካበትን ሳምንት ሳይቀር ጻፍኩ። አሥራ ሁለት አንቀጽ ያለው ውልም አዘጋጀሁ።

የዘመመ ቤት ያቀናሉ የተባሉ አንድ የወሎ ሽማግሌ ላምበረት አካባቢ አግኝቼ ይዤ መጣሁ። ቤቱን ዞረው እያንዳንዱን ቋሚ ከሥሩ በመጥረቢያ ጀርባ አንኳኩት። ውሉን ቆሜ አነበብኩላቸው። እጃቸውን አጣምረው እስከ መጨረሻው ሰሙኝ።

«ጨረስክ?» አሉ።

«ጨርሻለሁ።»

«ቆንጆ አድርገህ ጽፈሃል። የኔ አንዲት ናት። ቤቱን የማቀናበትን ገመድ ከኔ በቀር ማንም እንዳይነካው።»

«እሱማ የታወቀ ነው» ብዬ ደብተሬን ዘጋሁ። የታወቀ ነው ስላልኩ አልጻፍኩትም።

ሥራው ሲጀመር ሠራተኞቹ ጭቃውን ከግድግዳው ላይ አራግፈው ቤቱን በአጥንቱ አስቀሩት። ጣሪያው በባላ ተደግፎ እንዳለ ቆመ። አልጋችንና ሣጥናችን ከመንገድ ይታያሉ፤ አላፊ አግዳሚው በማገሩ መሐል ለባለቤቴ «እንደምን አደርሽ» እያለ ያልፋል። ሽማግሌው የቋሚዎቹን የበሰበሰ እግር እየቆረጡ በድንጋይ ላይ አስቀመጧቸው። ከዚያ ድርብ ገመድ ከጣሪያው ሥር ካለው አግዳሚ እንጨት ላይ አሥረው፣ ከጓሮ ካለው የባሕር ዛፍ ጉቶ ጋር አያያዙት። በሁለቱ ገመዶች መሐል አጭር ዱላ አስገብተው ማክረር ጀመሩ። ጠዋት ግማሽ ዙር፣ ከሰዓት በኋላ ግማሽ ዙር፤ ሌላ የለም።

ከእንጦጦ በኩል እየወረደ የሚመጣ አንድ ቀልደኛ የቀን ሠራተኛ ነበር። አንድ ቀን ግድግዳውን ትክ ብሎ አየና፣ «ይሄ ቤት ወደ ግራ ነው የዘመመው። ከዘመኑ ጋር እየሄደ ነው፤ ለምን እናቀናዋለን?» አለ።

«አንተ! አፍህን ሰብስብ፤ ልታስበላን ነው?» አሉት ሽማግሌው። ፊታቸውን ወደ ጓሮ ቢያዞሩም ትከሻቸው በሳቅ ሲንቀጠቀጥ አይቻለሁ።

በስምንተኛው ቀን ማለዳ ብነሣ የእንጦጦ አናት ጠቁሯል። ግንቦት እያለቀ ነው። ግድግዳ በሌለው ቤት ላይ ክረምቱ ቢገባ ምን ልንሆን ነው ብዬ ቱንቢዬን አወረድኩ። አራት ጣት ብቻ ይቀረዋል! ሽማግሌው እስኪመጡ አንድ ሰዓት ይቀራል። ሥራ ላግዛቸው ብዬ አሰብኩ፤ ዛሬ ግን እውነቱን ልናገርና፣ ያሰብኩት የኔ ቱንቢ ከሳቸው እጅ እንደሚበልጥ ነበር። ዱላውን ይዤ ሁለት ሙሉ ዙር አከረርኩት። ቤቱ እየተጎተተ መጣ። ቱንቢውን ባይ ልክ ሆኗል። ደስ አለኝ።

ወዲያው ከማዕዘኑ እንደ ጥይት ያለ ድምፅ ወጣ። ቆርቆሮው ጮኸ። ጣሪያውን የተሸከመው አግዳሚ እንጨት ከማዕዘኑ ቋሚ ላይ ተንሸራትቶ ሊወርድ ሁለት ጣት ሲቀረው ቆመ። ባለቤቴ ልጆቹን እየገፋች ከቤት ወጣች። እኔ ዱላውን ለቅቄ ሮጥኩ፤ ዱላው ከጉቶው ጋር ተላትሞ እዚያው ተያዘ። ያ ባይሆን ኖሮ ቤቱ ወደ መንገዱ ተመልሶ ይተኛ ነበር።

ሽማግሌው ሲደርሱ ማንንም ምንም አልጠየቁም። «ዝም በሉ» ብቻ አሉ። በተሰነጠቀው ማዕዘን ሥር ብቻቸውን ገብተው መዳፋቸውን ቋሚው ላይ አሳርፈው ዓይናቸውን ጨፈኑ። ከዚያ ወደ ሁለተኛው፣ ከዚያ ወደ ሦስተኛው ሄዱ። እኔ አንድ ገጽ የማነብበትን ያህል ጊዜ በእያንዳንዱ ላይ ቆዩ። ከዚያ በጣታቸው እያመለከቱ፣ እዚህ ባላ፣ እዚያ ሽብልቅ፣ እያሉ አስገቡ። ገመዱን ራሳቸው ይዘው፣ ዓይን በማያየው መጠን፣ ጥቂት ጥቂት እያደረጉ ለቀቁት። እኩለ ቀን ላይ ያ ሁሉ ቆርቆሮ የጫነ እንጨት ወደ ቦታው ተመልሶ በቋሚው ላይ ቁጭ አለ፤ ድስት ላይ ክዳን የመለሱ ያህል ነበር። አፌን ከፍቼ ቆሜአለሁ። ትልልቅ ነገር አይቻለሁ፤ እንደዚያ ያስደነቀኝ ግን የለም።

እጃቸውን ከጠራረጉ በኋላ ዞሩ። «ገመዱን ማን ነካው?»

ሁልጊዜ ቀድሞ የሚደርሰው ቀልደኛው ስለሆነ እሱን አዩት።

«እናቴን! አልነካሁም፣ ጋሼ!»

«በል ጋቢህን አንሣና ሂድ።»

ሰውየው ጋቢውን አነሣ። የግቢው በር ድረስ ሄደ። እኔ ለልጆቼ ውሸት ከስርቆት ይከፋል እያልኩ የማስተምር አባት፣ አሁንም ዝም ብያለሁ። ልጆቼ ደግሞ አጥሩ ጋ ቆመው ይሰማሉ። የልጆቼ ዓይን ነው ያናገረኝ ብል ደስ ባለኝ፤ አይደለም። ሰውየው በሩን ሲወጣ ቆም ብሎ ቤቱን ዞሮ አየው። እየተባረረም ቤቱ መትረፉን ሊያረጋግጥ ነበር የዞረው። ያኔ ነው አፌ የተከፈተው።

«እኔ ነኝ» አልኩ። «እሱን መልሱት። የነካሁት እኔ ነኝ።»

ሽማግሌው ወደ እኔ ዞሩ። «ለምን?»

«አራት ጣት ቀርቶት ነበር። በቱንቢ ለክቼ።»

«ቱንቢህ አልዋሸህም። ግን ይሄ እንጨት ስንት ዓመት ተጣሞ እንደኖረ የጠየቅኸው ነገር አለ? ወላሂ፣ አንተንስ በአንድ ጠዋት ቢያቀኑህ ትሰበራለህ።» ሠራተኞቹ ሳቁ። ቀልደኛው ከሁሉም በላይ ሳቀ፤ መብቱ ነበር። «ከነገ ጀምሮ ገመዱን የምታከርረው አንተ ነህ» አሉኝ። «እኔ በቃ ስልህ ታቆማለህ።»

የጠበቅኩት ስድብ ነበር። ሥራ ሰጡኝ።

ከዚያ በኋላ ስድስት ቀን፣ መጋዘን ከመሄዴ በፊትና ከተመለስኩ በኋላ፣ እኔ ዱላው ላይ፣ እሳቸው ቋሚው ላይ ሆነን ሠራን። አንድ ቀን እጄን ይዘው እንጨቱ ላይ አስቀመጡልኝ። መጀመሪያ ምንም አልተሰማኝም። ቆይቶ ግን ከውስጥ ቀጭን መንቀጥቀጥ መጣ፤ ከጣሪያው ተነሥቶ በመዳፌ ሥር አልፎ ወደ ድንጋዩ ወረደ። በዚያ ቤት አራት ልጆች ወልጄ፣ ቤቱ ክብደቱን እንዴት ተሸክሞ እንደሚኖር አላውቅም ነበር። ዓይኔ እንባ አቀረረ፤ አልደበቅኩትም።

በመጨረሻው ቀን «በቃ» ሲሉኝ ቱንቢው ገና አንድ ጣት ይቀረዋል ይላል።

«አንድ ጣት ይቀራል» አልኳቸው።

«ይቅር።»

ዱላውን አሠርኩት።

ዝናቡ የጀመረው ጭቃው ተመርጎ ባለቀ በሳምንቱ ነው። የቀበሌው ሰው ሊያረጋግጥ መጣ፤ ፈቃዱን የጻፈልኝ ራሱ ነበር። ቤቱን ሁለት ጊዜ ዞረ፤ ወደ ውስጥም ገባ፤ ጣሪያውን አየ።

«ታዲያ ምን አደሳችሁት?» አለ ግራ ገብቶት። «ያው የድሮው ቤት አይደል እንዴ?»

ስለ ገመዱ፣ ስለ ማዕዘኑ፣ ስለ ሽማግሌው እጅ ልነግረው ቃል ምላሴ ላይ ደርሶ ነበር።

«ያው ነው» አልኩት። ፈረመልኝ።