ቬርላ ያስከፈተችው ስብሰባ

ቬርላ ኮቫንዳ ሹመት የሚባል ነገር ኖሯት አያውቅም። በአሜሪካ፣ በነብራስካ ሜዳ ላይ ባለችው መንደራችን፣ በሊንድና፣ የምክር ቤቱን ስብሰባ የሚከታተል ሕዝብ ቢባል ግን እሷ ብቻ ነበረች። እኛ አምስት አባላት ስለ ቆሻሻ ማንሻ ስንጨቃጨቅ እሷ ከኋላ ተቀምጣ ሹራቧን ትሠራለች። ሕጉ ስብሰባው ለማንም ክፍት ይሁን ይላል፤ እኛም ክፍት ነው እንል ነበር። ችግሩ የአዳራሹ በር መያዣው ላልቶ ነፋስ በመጣ ቁጥር ወለል ይልና ወረቀታችንን ይበትነዋል። ስለዚህ መጨረሻ የገባ ሰው መቀርቀሪያውን ይዘጋል። የኛ አገር ነፋስ እንኳን በር ጣሪያም አይምርም፤ ማንም ክፉ አላሰበም።

በዚያ ጥር የቀረበው ጉዳይ የቬርላ የራሷ ነበር። ወደ እርሻዋ የሚያሻግረው ድልድይ ካልተጠገነ ሊዘጋ ነው። ባሏ ኤሚል ኩላሊቱ ደክሞ በሳምንት ሦስት ቀን ሆስፒታል ይመላለሳል፤ ድልድዩ ከተዘጋ በዚያ ሁሉ በረዶ ወንዙን ዞረው መሄዳቸው ነው። ድምፅ ሰጠን። ሦስት ለሁለት፣ ይጠገን ተባለ፤ እኔም ከሦስቱ አንዱ ነበርኩ። ቬርላ እንባዋን ጠርጋ፣ ሹራቧን ጠቅልላ ወጣች።

ወዲያው ተመልሳ ገባች።

«በሩ ተቆልፎ ነበር» አለች። «በረዶው ላይ ዱካ አለ። አንድ ሰው እስከ ደጃፉ መጥቶ ተመልሷል።»

ከንቲባችን ሊዮን ሳቀ። «መቼም የሚያስቆልፈን ነፋሱ ነው። ደግሞስ አንቺው ራስሽ አይደለሽ የቆለፍሽው?»

«እኔው ነኝ። ለዚህ እኮ ነው የምነግርህ።»

«ቬርላ፣ የኔ እህት፣ ድልድይሽን አግኝተሻል። ዝም ብለሽ ወደ ባልሽ ሂጂ።»

«ድልድዩ የኔ ከሆነ ራሴ ልጠግነው። የመንደሩ ከሆነ ግን መንደሩ ይግባና ይናገር።»

በሕይወቴ ብዙ ሰባኪ ሰምቻለሁ፤ እንደዚያ ሰውነቴን ውርር ያደረገኝ ግን የለም። ሊዮን ፊቱ ቀላ። ሰው እንዳይገባ በተቆለፈ በር የተወሰነ ነገር ሊሻር እንደሚችል እሱም ያውቃል። እያጉረመረመ ውሳኔውን አስሻረ፤ የአዲሱ ስብሰባ ማስታወቂያም ፖስታ ቤቱና ግሮሰሪው በር ላይ ተለጠፈ።

ዱካው የገበሬው የኦርቪል ቴትሬ ሆኖ ተገኘ። በሁለተኛው ስብሰባ በሩን ከፍተን በጡብ ደግፈን ካፖርታችንን እንደለበስን ተቀመጥን። ወሬው ተሰምቶ ስለነበር አዳራሹ ጢም ብሎ ሞላ። ኦርቪል ሰው ፊት ቆሞ ሲናገር አይቼው አላውቅም፤ ቆቡን ያሻሻል።

«ያን ቀንም የመጣሁት ይህንኑ ልናገር ነበር» አለ። «ልጄ ሕፃን ይዛ ቤት ተመልሳለች። የሕፃኗን የዱቄት ወተት የምንበጠብጠው በዚሁ በመንደሩ ጉድጓድ ውኃ ነው። ማዳበሪያ ገብቶበታል፣ ለሕፃን አይሆንም ተብሏል። ገንዘቡ ለአንዱ ብቻ የሚበቃ ከሆነ፣ እባካችሁ አዲስ ጉድጓድ መቆፈሩ ይቅደም።» ከዚያ ወደ ቬርላ ዞረ። «ይቅርታ አድርጊልኝ።»

ስለ ውኃው ሰምተን ነበር። ይህንኑ ጠጥተን አይደል ያደግነው ብለን ንቀነው ነበር እንጂ፣ መንደሩ ውስጥ ሕፃን መኖሩን ከአምስታችን የሚያውቅ አልነበረም። ድምፅ ሲሰጥ እጄን ለጉድጓዱ አነሳሁ። ሦስት ለሁለት። ቀና ብዬ ቬርላን ማየት አቃተኝ።

ስንበተን እሷው ወደኔ መጣች።

«ኦርቪልን ሰምተህ ነው?»

«አዎ፣ እሱን ሰምቼ ነው።»

«እንግዲያው ደግ አደረግህ» አለች። «ኤሚል ነገ ሆስፒታል አለበት። እንግዲህ ወንዙን ለመዞር ጎህ ሳይቀድ መነሳት ነው።»

ሰውን እየገፋች ወደ ኦርቪል ሄደችና የሕፃኗን ስም ጠየቀችው።