ጀሶና ጠበል

ቢቸና ፍርድ ቤት ደጃፍ ራፖር ጸሐፊ ሳለሁ፣ ድንጋይ እንኳ ከሶ ቢመጣ አስፈርድለት ነበር። የመጀመሪያ ልጄ ስትወለድ ግን ብዕሬም ምላሴም አልረዱኝም። ግራ እግሯ ወደ ውስጥ ተቆልምሞ መርገጫው ሽቅብ ያይ ነበር።

በዚያው ወር የጤና ጣቢያው ድሬሰር ሚስትም ሴት ልጅ ወለደች። ሰውዬው ከሐረር ተዛውሮ የመጣ እስላም ነው። የእሱም ልጅ እግር እንደዚያው። ሁለቱ ጎን ለጎን ሲተኙ አንድ ሰካራም አናጢ የጠረባቸው ይመስሉ ነበር።

ድሬሰሩ ቀድሞ ከሠራበት ሆስፒታል የለመደው ሙያ ነበረው። እግሩን በእጁ ቀስ አድርጎ ያቃናና በጀሶ ይጠቀልላል፤ በሳምንቱ ፈትቶ ትንሽ ጨምሮ ያቃናል። ለልጁም ለልጄም እኩል ሠራ።

«ስምንት ጊዜ እንቀይራለን። ብቻ ውሃ እንዳይነካው።»

«አታስብ፤ እኔንም ውሃ የሚነካኝ ለጥምቀት ብቻ ነው» አልኩት።

በአምስተኛው ጀሶ መርገጫዋ ወደ መሬት ዞረ። ያኔ አማቴ ከሞጣ ላኩብን፤ ሕፃኗ ሰባት ቀን ጠበል ትጠመቅ ብለው። በደብረ ወርቅና በግንደወይን አድርገን በበቅሎ ወረድን። በቅሎዋ ከእኔ ይልቅ አስተዋይ ነበረች፤ በየመንገዱ አልሄድም ትል ነበር።

ጠበሉ ዘንድ አማቴ ጀሶውን በጣታቸው ኳ ኳ አደረጉት።

«ይህን ግድግዳ ለብሳ ነው የምትጠመቀው?»

«ሐኪሙ ውሃ አይንካው ብሏል፣ እማማ።»

«ጠበል ውሃ ነው እንዴ? ደግሞስ የሚድነው ጀሶው ነው እግሩ?»

ተጠማቂው ሁሉ ሳቀ። ሚስቴ ብቻ አልሳቀችም። «ሦስት ሳምንት ነው የቀረው፤ ይቆይ» አለችኝ ዝቅ ባለ ድምፅ። እኔ ደግሞ ሰው ሲስቅ አርፌ መቀመጥ አልችልም። ድንጋይ አነሳሁና «በስመ አብ፣ የበዓሉን ድፎ ልቁረሰው» ብዬ ጀሶውን ሰበርኩት። በሕይወቴ የዚያን ቀን ያህል ሰው አስቄ አላውቅም።

ሰባት ቀን ተጠመቀች፤ እግሯ በየቀኑ ጥቂት ጥቂት ወደ ነበረበት ዞረ። አማቴ አሥራ አራት ይሁን አሉ፤ ሆነ።

ቢቸና ስንመለስ ድሬሰሩ አልተቆጣም። «ከመጀመሪያው እንጀምር» አለ። ጎረቤቶቼ ግን «ጠበል ያላቃናውን እስላም ሊያቃናው ነው?» ማለት ጀምረው ነበር። የጎረቤት አፍ ፈራሁ። «ነገ አመጣታለሁ» አልኩት። ያ ነገ አልነጋም።

የድሬሰሩም እናት እኮ ከሐረር ሂርዝ፣ ቁርአን የተጻፈበት ክታብ፣ ልከው ነበር። ሚስቱ ከጀሶው በላይ በልጅቷ ጭን ላይ አሰረችው፤ አለቀ። የእነሱ ጸሎት ደረቅ፣ የእኛ እርጥብ ነበር። በእምነትማ ማንም ከማንም አይበልጥም፤ ጀሶ የሚችለው ግን ደረቁን ነው።

የእሱ ልጅ በሁለት ዓመቷ ዶሮዎቼን እያባረረች ግቢዬን ታምስ ነበር። የእኔዋ በቁርጭምጭሚቷ ጎን እየረገጠች፣ ቆዳዋ እየተላጠ፣ ግድግዳ ይዛ ታያት ነበር።

ዘጠኝ ዓመት ሲሆናት አንዲት የጎረቤት ልጅ ደጃችን ላይ «እግርሽ ምን ሆኖ ነው?» ብላ ጠየቀቻት።

«እግዜር ሲፈጥረኝ ነው» አለች ልጄ፣ እንደነገርኳት። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። «አይደል አባባ?»

ሚስቴ ከጓዳ ሥራዋን አቁማ ስትሰማ ታወቀኝ።

«አዎ» አልኩ።