ያልተለቀለቀው ወለል

ሊባኖስ፣ ባዕብዳ ከተማ በሠራተኝነት የምሠራበት ቤት የማዳሜ ልጅ አምስት ዓመቷ ነበር። አንድ ቀን ካልሲ አድርጋ በሳሎኑ ሰድር ላይ ስትሮጥ አዳለጣትና አገጯን ተመታች። ቁስሉ ቶሎ ዳነ፤ ፍርሃቱ ግን አልለቀቃትም። ከዚያ ወዲህ እኔ ካላቀፍኳት ሳሎኑን አታቋርጥም።

ማዳሜ፣ «አትሩጪ ስንት ጊዜ ብዬሻለሁ፤ ጥፋቱ የራስሽ ነው» ብላ ተቆጥታታለች። እኔ እዚያው ቆሜ ነበር። ዝም አልኩ።

እዚህ አገር ወለል የሚታጠበው ሳሙናና ውኃ ተደፍቶበት፣ ተፈግፍጎ፣ ከዚያ በንጹሕ ውኃ ተለቅልቆ፣ በጎማ መጥረጊያ ወደ በረንዳው ቀዳዳ እየተገፋ ነው። ልጅቷ የወደቀች ዕለት ሳሙናውን ከደፋሁ በኋላ የጣሪያው ታንከር ውኃ አለቀ። ሳላለቀልቅ በጨርቅ ብቻ አበስኩት። ሲያዩት ያምር ነበር።

ትምህርት ቤት የምትጀምርበት ሰኞ ተቃረበ። ማዳሜ፣ «እዚያም ሰድር ነው፤ ማን ሊያቅፍሽ ነው?» ስትላት ልጅቷ አንገቷን ደፋች።

ቅዳሜ ጠዋት ማዳሜ ፀጉር ቤት ስትሄድ ሁለታችን ወጥ ቤት ቁጭ አልን። አምስተኛ ክፍል ሳለን አስተማሪያችን ስለ ሰበቃ፣ ነገሮች ሲፋተጉ እርስ በርስ ስለሚያያይዛቸው ኃይል፣ ነግረውናል። ከዚያ በላይ አልተማርኩም፤ ያንን ግን አልረሳሁም። በዐረብኛ ምን እንደሚባል ስለማላውቅ በእጅ ጀመርኩ።

«ያላ ሐያቲ፣ በይ የኔ ሕይወት፣ መዳፎችሽን አፋትጊያቸው። ምን ተሰማሽ?»

«ሞቀኝ።»

«እየተያያዙ ስለሆነ ነው። እግርሽና ወለሉም እንደዚያ ይያያዛሉ። ባይያያዙ ኖሮ አንድ እርምጃ አንሄድም ነበር።»

ከዚያ እጇን ሳሙና ቀባሁት። ልይዛት ስሞክር ሙልጭ እያለ አመለጠኝ።

«መያዝ አትችዪም እንዴ?» ብላ ሳቀችብኝ።

«ሳሙናው መሃላችን ገብቶ ነው።»

ሳቋን አቆመች። «የወደቅኩ ቀን ሳሙና ነበር?»

ነበር ካልኩ ለእናቷ እንደምትነግር አውቃለሁ። እኔ ደግሞ ከማዳሜ ጋር ለመነጋገር ቀርቶ ቀና ብዬ ለማየት የማፍር ነኝ። ግን ልጅቷ የገዛ እግሯን ነበር የምትፈራው።

«ነበር» አልኳት። «ውኃ አልቆብኝ ሳላለቀልቀው ቀረሁ። ጥፋቱ የእኔ ነው።»

«እናቴ ግን የተቆጣችው እኔን ነው።»

«እኔ ዝም ስላልኩ ነው። ይቅርታ አድርጊልኝ።»

ትንሽ አኩርፋ፣ «ዛሬስ አለቅልቀሽዋል?» አለች።

«ሁለቴ።»

«አንዴ ድገሚው።»

ደገምኩት፤ በጨርቅም አደረቅኩት። ማዳሜ ስትገባ እኔ ቀድሜ ነገርኳት። ሳሙናውን ሳላለቀልቅ እንደቀረሁም አልሸሸግኩም። ቦርሳዋን እንደያዘች አየችኝ።

«ያኒ፣ ታዲያ ለምን ያኔ አልነገርሽኝም?»

«አፍሬ ነው ማዳም።»

«ሌላ ጊዜ ውኃ ካለቀ ጥሪኝ። ኸላስ፣ አለቀ።» ከዚያ ወደ ልጇ ጎንበስ አለች። «ፓርዶን ሐቢብቲ፣ ይቅርታ ውዴ፣ ያለ ጥፋትሽ ነው የተቆጣሁሽ።»

ልጅቷ ካልሲዋን አውልቃ ወለሉን በአውራ ጣቷ ፈተገችው። ያዘላት። ቀስ ብላ፣ ሙሉ እግሯን እያሳረፈች፣ ሳሎኑን አቋርጣ እናቷ ጋ ደረሰች።

«ሰኞ እገባለሁ» አለቻት። «መጀመሪያ ግን የትምህርት ቤቱን ወለል የምታጥበዋን አለቅልቀሽዋል ወይ ብለሽ ጠይቂልኝ።»