ከጎማው ላይ የነቀልሁት እርሳስ

በሃምሳ ስምንት ዓመተ ምሕረት የአሥር ዓመት ልጅ ነበርሁ። ያኔ የፎገራ ሜዳ ሩዝ የሚባል አያውቅም፤ የከብት አገር ነበር። ክረምቱ ወጥቶ የርብ ወንዝ ውኃ ሲሸሽ ሜዳውን ኩሬ ኩሬ አድርጎት ይሄዳል፤ በየኩሬው ውስጥ አምባዛ የሚባለው ዓሣ ይቀራል። ጭቃው ዓሣ ዓሣ፣ የበሰበሰ ሣር ይሸታል። ያ ሽታ ዛሬም ሲመጣብኝ ልጅነቴ ይመጣል፤ ፍርሃቱንም አስከትሎ ነው የሚመጣው።

አምባዛ በመንጠቆ ለመያዝ ክሩን ወደ ታች የሚጎትት ከባድ ነገር ያስፈልጋል። እኛ ድንጋይ እናስር ነበር፤ ድንጋይ ደግሞ ይሾልካል። አንድ የገበያ ቀን ወረታ ላይ የጋሽ ታረቀኝ አሮጌ ጂፕ ቆማ አየሁ። የፊት ጎማዋ ቸርኬ ጠርዝ ላይ እንደ መዥገር የተጣበቀ እርሳስ አለ። የመጻፊያውን ማለቴ አይደለም፤ ያን ለስላሳና ከባድ ማዕድን ነው። ለጌጥ ያደረጉት መሰለኝ። ማንም ሳያየኝ በቢላዋ ፈልቅቄ ወሰድሁት። በማግስቱ ክንዴን የሚያህል አምባዛ ያዝሁበት።

በሳምንቱ ጋሽ ታረቀኝ ገበያ መሀል ቆሞ «ይች ጂፕ መሪዋ እጄን ያርገፈግፈው ጀመር፤ ምን እንደነካት እንጃ!» ሲል ሰማሁ። ልቤ ድንግጥ አለ። ከሰው መሀል ሾልኬ ወጣሁ።

ብዙም ሳይቆይ እማየን ምጥ ያዛት። የመንደሩ ሴቶች «ማርያም፣ ማርያም» እያሉ ቢለምኑም ልጁ አልወጣ አለ። በሁለተኛው ቀን ጠዋት በቃሬዛ ወረታ አደረስናት። ደብረ ታቦር ሆስፒታል የሚያደርሳት መኪና ቢፈለግ የተገኘችው ያችው ጂፕ ነች። አባየ ከፊት ተቀመጠ፤ እኔ ከኋላ ሆኜ የእማየን ራስ ጭኔ ላይ ያዝሁ።

መንገዱ ጠጠር ስለሆነ ሁላችንም እንንገጫገጫለን፤ የመሪው መንቀጥቀጥ ግን ሌላ ነበር። ጂፗ ዘገም ስትል ይተዋል፤ ስትሮጥ የጋሽ ታረቀኝ ክንድ ወባ እንደያዘው ሰው እስከ ትከሻው ይንዘፈዘፋል። ፍሬን ይዞ ሞከረው፤ አልባሰም፤ ከፍሬኑ አይደለም ማለት ነው። ደግሞ ነዳ፤ ያው መጣ። ሜዳው አልቆ ዳገቱ ሲጀምር ጥግ ይዞ ቆመ።

«አያ ፈንቴ፣ ከዚህ በላይ አልወጣም» አለ።

«ምን ማለትህ ነው?» አለው አባየ።

«ሰሞኑን ሁለቴ ከሥሯ ገብቼ አየሁ፤ ምንም አላገኘሁ። የመሪው ብረት ውስጥ ውስጡን ተሰንጥቆ ቢሆንስ? የማላውቀውን በሽታ ይዤ ገደል አልወጣም። ወረታ ተመልሰን ሌላ መኪና እንጠብቅ።»

«ሌላ መኪና መቼ ይመጣል?»

«እኔ እንጃ። ነገም ይሁን።»

እማየ ለነገ የምትደርስ አልነበረችም። እጄን ይዛ ነበር፤ ጠዋት ጥፍሯ ያደማኝ ነበር፣ አሁን ጣቶቿ እየላሉ መጡ። የአባየ አለንጋ ታየኝ። ደግሞ ጣቶቿን አየሁ።

«ጋሼ፣ እርሳሱን የወሰድሁት እኔ ነኝ» አልሁ።

«የምን እርሳስ?»

«ከጎማው ላይ። ለአምባዛ።»

አባየ ዞሮ አየኝ። ጋሽ ታረቀኝ ወርዶ ቸርኬውን በጣቱ ዳሰሰ፤ እርሳሱ የነበረበትን ባዶ ቦታ አገኘው። ሲመለስ እየሳቀ ነው።

«አንተ የሰይጣን ቁራጭ! ሰሞኑን እንቅልፍ የነሳኸኝ አንተ ነህ? እኔ ብረት ስመረምር አምባዛ ትበላብኛለህ?» አለና ወደ አባየ ዞረ። «እርሳሱ የጎማዋ ሚዛን መጠበቂያ ነበር፤ እሱ ቢወልቅ ሚዛኗን አጥታ ነው። ካልሮጥሁ ምንም አትል። እንሂድ።»

ዳገቱን ስንወጣ ግን እኔ አላመንሁም። በየጥምዝምዙ ገደሉን አያለሁ፤ ተሳስቼ ቢሆንስ? እርሳሱ ባይሆንስ? እኔ ብናገር አይደል ወደ ገደሉ የወጣን? እንደዚያ ቀን ፈርቼ አላውቅም፤ ስንት ነገር ያየሁ ሰው ነኝ፣ ግን አላውቅም።

ሆስፒታል ስንደርስ እማየን አስገብተው በሩን ዘጉት። አባየ እዚያው ቀረ። ከብቶቹ ጠባቂ ስላልነበራቸው እኔ በዚያው ቀን ከጋሽ ታረቀኝ ጋር ተመለስሁ።

እማየ ተርፋለች። ያን ቀን የተወለደችው እህቴም ዛሬ የልጅ ልጅ አይታለች። በቀደም ልጇ በአሮጌ መኪናው ከሐሙሲት ከተማ ሲያመጣኝ መሪው ይንቀጠቀጥ ጀመር። «አጎቴ፣ ይሄ ምን ያስፈራል? ጎሚስታ ቤት በማሽን አሽከርክረው ያስተካክሉታል» ይለኛል። እውነቱን ነው። መንገዱም አስፋልት ነው፤ ግራ ቀኙ ሩዝ፣ ገደል የሚባል የለም። እኔ ግን አቁም ብዬ ወረድሁ፤ የቀረውን በእግሬ ሄድሁ። ይሳቁብኝ። እሱ የሚያየው መሪውን ነው፤ እኔ የማየው የእማየን ጣቶች ነው።

ያኔ ከደብረ ታቦር ስመለስ ግን መትረፏን የነገረኝ አልነበረም። በማግስቱ ጠዋት ከብቶቹን ለጎረቤት ልጅ ሰጥቼ፣ እርሳሱን ከክሩ ፈትቼ፣ በጭብጤ ይዤ ወረታ ሄድሁ። ጋሽ ታረቀኝ አልተቀበለኝም፤ መዶሻ አቀበለኝና «ራስህ መልሰው» አለኝ። ጎማው ሥር ተንበርክኬ መታሁት። መዶሻውን ባነሳሁ ቁጥር «ማርያም» እላለሁ፤ እርሳሱ ከተያዘ በኋላም መምታቴን አልተውሁም።